የቀድሪያ አነጋገር

ሸምሲያ፣

ወደ ደጀን የሚወስደኝ መኪና ደጅ ቆሟል፤ የሙሽራው ሰዎች እየተጣሩ ነው። ሳትሰናበቺኝ ገበያ ስለወጣሽ ጻፍኩልሽ። ቀድሪያ ከአባቷ ጋር ናት።

ትናንት በእልልታው ጆሮዋን ይዛ ስትጮኽ «ጅን አለባት» ብለሽ በእንግዳ ፊት በመቀነትሽ ከምሰሶው አሰርሻት። ስፈታት የተናገርኩሽን ይቅር በይኝ።
ስለ መቀነቱ ምንም አልልም።

አንቺ ወንድሜን አግብተሽ እዚህ ቤት ከገባሽ ገና አንድ ክረምት ነው። እናቷ ስትሞት ወንድሜ እኔው እጅ ላይ ነው የጣላት። እስከ ዛሬ ቃል ከአፏ አልወጣም፤ ግን ትናገራለች። ጠዋት ጓዜን ስቋጥር መጥታ እጄን ያዘችና ቋጠሮው ላይ አስቀመጠችው። «ፍቺው» ማለቷ ነው።
አልፈታሁትም።

እጅሽን ይዛ ወደ እንስራው ከሳበችሽ ጠምቷታል። ስትጮኽ አትያዣት፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ በነጠላ ራሷን ሸፍኝላት፣ ጨለማው ያረጋጋታል። በሰማያዊዋ ሳህን ብቻ ነው የምትበላ። አባቷ ይህን ሁሉ አያውቅም፤ ጠይቆኝም አያውቅ።

ሲመሽ እኔን ስታጣ እጅሽን ይዛ ወደ በሩ ትወስድሻለች። «ሄዳለች» ብትያት አትሰማሽም። አትመልሻት፤ በሩን ክፈቺላትና ራሷ እስክትገባ አብረሻት ቁሚ።

ኡሙልኸይር