ስምንት ቀን እሷ ጋ

ሰኞ፣ ዲሴምበር 4

ፖስታ ቤት ተከፈተ። ጆንያው እስከ ጣሪያ ተቆልሏል። የጁላይ የመብራት ክፍያ ወረቀት፣ የልደት ካርድ፣ የሰርግ ጥሪ... ሰርጉ ካለፈ ሦስት ወሩ። ባልደረባዬ ዶን ፎርቲኖ ጆንያውን አየና "ኦብዱሊያ፣ ዛሬ ሞተን ነገ ብንነሳም አንጨርሰውም" አለኝ።

ቀኑን ሙሉ በእግሬ። የተቃጠለው አውቶቡስ ከጥጉ ተነስቷል፤ አስፋልቱ ላይ ጥቁር ቅርጹ ቀርቷል። ግድግዳው ሁሉ ነጭ እየተቀባ ነው፤ ጽሑፉ ግን ከቀለሙ ሥር ይነበባል። ፀጉር አስተካካዩ መስታወቱ ስለተሰበረ ወንበሩን ውጭ አውጥቶ ይላጫል። ፖሊሶቹ አደባባዩ ላይ ጋሻቸውን ተደግፈው መንደሪን ይልጣሉ። ሰው ደብዳቤ ስሰጠው እንደ ትኩስ ዳቦ በሁለት እጁ ይቀበለኛል።

ባሌ ኤልፌጎ ትናንት ተመለሰ። ፖሊስ የመምህራኑን አድማ በትኖ ከተማዋን ከጠረገባት ከዚያች ቅዳሜ ጀምሮ ስምንት ቀን ሙሉ አልነበረም። "የት ነበርክ?" ስለው፣ "ሰው ጋ።" በቃ።

የለበሰው ሸሚዝ የሱ አይደለም። ሰማያዊ ነው። ኮሌታው ሳይቀር ተተኩሷል። ለሚሸሽ ሰው ሸሚዝ የሚተኩስ ማነው?

ስለዚያች ቅዳሜ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 5

ጫማ ሰፊው አስቆመኝ። "የመምህር ኤልፌጎ ባለቤት አይደለሽ? እንዴት ያለ ድምፅ አለው ባክሽ! መንገድ በዘጋንበት ባሪኬድ ላይ ሲዘፍን እኮ ብርዱን ያስረሳን ነበር።"

ባሌ? ይዘፍናል? አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ኖሬ ሲያፏጭ እንኳ ሰምቼው አላውቅም።

ስድስት ወር ሙሉ አድማ ላይ ነበር። ለሁሉም ሰው መምህር ኤልፌጎ ነበር። ለጫማ ሰፊው፣ ለጎሚስታው፣ ለአበባ ሻጯ... እኔ ምኑን አገኘሁ? ጭስ የጠጣ ልብሱን።

ምሳ ላይ "እስቲ ዝፈንልኝ" አልኩት። ማንኪያውን አስቀመጠ። "ምን ሆነሻል?"

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 7

ስሟን አወቅኩ።

የበቆሎ አጥሚት የምትሸጠው ባልቴት ናት ያመለጣት። "ኔሬይዳን እግዜር ይስጥልን በይ። እሷ ባትኖር ባልሽ ይሄኔ እስር ቤት ነበር።"

"ማናት ኔሬይዳ?"

ማማሰያዋን አቆመች። "የወፍጮ ቤቷ ናታ... አልነገረሽም?"

"ነገረኝ እንጂ" አልኩ። አጥሚቱን በአንድ ትንፋሽ ጠጣሁት፤ ምላሴ ተቃጠለ። እስካሁን ይለበልበኛል።

ኔሬይዳ። ስም ካላት በእርግጥ አለች ማለት ነው።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 9

ሸሚዙን ሦስቴ አጠብኩት። አሁንም ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል።

ኤልፌጎ ለልጃችን ለአራሴሊ ብርቱካን እየላጠላት ነበር። "ኔሬይዳ ማናት?" አልኩት። ቢላው ቆመ።

"ያስጠለለችኝ ሴት ናት።"

"ሸሚዙስ?"

"የሟች ባሏ ነው።"

"እሰይ! የሟች ባሏ። ትራሱስ?"

"ኦብዱ፣ ልጅቷ ትሰማለች።"

"ትስማ!"

"ስምንት ሰው ነበርን እኮ እዚያ ቤት።"

"እኔ የጠየቅኩህ ስለ አንዱ ነው።"

አራሴሊ ብርቱካኗን ይዛ ወጣች። እሱ ልጣጩን በጣቱ እየጠቀለለ ቆየና "ሄደሽ ብታመሰግኛት ጥሩ ነበር" አለኝ።

ላመስግናት! ቆንጆ ናት ወይ ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አዎ ቢለኝስ?

ሰኞ፣ ዲሴምበር 11

ከዶን ፎርቲኖ ጋር መስመር ተቀያየርን። "ሜዳውን ሰጥተሽኝ ዳገቱን ትወስጃለሽ? ትኩሳት አለሽ እንዴ?" አለ። ለሷ የመጣ አንድ የውሃ ክፍያ ወረቀት አግኝቼ ነበር። ለምክንያት ይበቃል።

ወፍጮ ቤቱ ከገበያው ጀርባ ነው። ሴቶቹ ባልዲያቸውን በካካዎና በተቆላ በርበሬ ሞልተው ተሰልፈዋል። ለገና ነው። ባለፈው ወር እዚያው ቦታ ድንጋይ ነበር የተቆለለው። አሁን ማን ቀደመ ማን ተቀደመ ብለው ይጨቃጨቃሉ። ደስ ይላል መቼም... ሌላ ቀን ቢሆን።

አየኋት። አርባ አምስት ቢሆናት ነው። ሰፊ ትከሻ፣ በቀይ ጥብጣብ የተጎነጎነ ፀጉር፣ አንድ የወርቅ ጥርስ። ድምፅዋ ከወፍጮው ይበልጣል። ቆንጆ አይደለችም።

(ጽፌው አየሁት፤ ውሸት ነው። ስትስቅ ታምራለች። ደግሞ ሁልጊዜ ትስቃለች።)

"አንቺ ኦብዱሊያ ነሽ!" አለችኝ ገና ከበሩ።

"በምን አወቅሽ?"

"ፖስተኛ፣ ቀጭን፣ የተቆጣች። እንዲህ ብሎ ነው የነገረን።"

"የተቆጣች ብሏል?"

"ኧረ እሱን አሁን አይቼ እኔ ነኝ የጨመርኩት።" ተሰላፊው ሁሉ ሳቀ።

ግድግዳዋ ላይ የካካዎ መጠቅለያ ወረቀት ተለጥፏል። ስሟ በትልቁ ተጽፎበታል። የመጨረሻዋን ፊደል ጭራ እንደ ድመት ጭራ የሚያቆማት አንድ ሰው ብቻ ነው። የኤልፌጎ ጽሕፈት ነው። ከሥሩ ያው ስም በሚንቀጠቀጥ እጅ አሥር ጊዜ ተጽፏል።

"ፊደል እያስቆጠረኝ ነበር" አለች። እንደ ልጅ አፈረች።

ስምንት ቀን። ጎን ለጎን ተቀምጠው። እጇን ይዞ ነው ያስጻፋት? ለኔ አንዲት መስመር ከጻፈልኝ ስንት ዓመት ሆነ?

ስወጣ ገና ከወፍጮው የወጣ ቸኮሌት በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ለውሻ ልወረውረው ነበር። ጥጉ ላይ ቆሜ በላሁት። ይጣፍጣል። ምናለ መጥፎ በሆነ!

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 12

በዓል ነው። ሥራ የለም። እሷን ሳስብ ዋልኩ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 14

ያለ ምንም ደብዳቤ ሄድኩ። ወፍጮው ቆሞ ነበር፤ መብራት ጠፍቶ። በርጩማ ሰጠችኝ። ልዘልፋት ነበር የሄድኩት፤ ቃሉን መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ።

"እዚህ ነበር የተኙት" አለችኝ ሳልጠይቃት። ከጆንያዎቹ ጀርባ ያለ ጠባብ ቦታ ነው። ሲሚንቶ ነው። ስምንት ሰው እንዴት እንደቻለው እንጃ። "ባልሽ ያንኮራፋል። እግዜር ትዕግሥቱን ይስጥሽ።"

ልስቅ ምንም አልቀረኝ። ከዚያ ቆጣው ላይ ያለውን ፎቶ አየሁ፤ አንድ ወጣት፣ እንደሷ ትከሻ ሰፊ። "ልጅሽ ነው?"

"ቴኦፊሎ ነው። ሰሜን ነው ያለው።" ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ተዘጋ። ቶሎ ወሬ ቀየረች። "ባልሽኮ መጀመሪያ ወደ ቤቱ ነበር የሄደው። አንኳኩቶ አንኳኩቶ ሲያጣችሁ ነው እኔ ጋ የመጣው። ቤት ባለመኖራችሁ ደስ ብሎት ነበር፤ 'እንኳን ራቁ' እያለ።"

ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም። መንገዱን እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

እሺ። ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

ያቺ ቅዳሜ፣ አመሻሽ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ነበር። ሄሊኮፕተሩ ጣሪያችን ላይ ይዞራል። በሩ ተንኳኳ። ሬዲዮውን አጠፋሁ። የአራሴሊን አፍ በእጄ ያዝኩ። ፖሊስ መስሎኝ ነው ብዬ ለራሴ ስነግረው ከረምኩ። ፖሊስ "ኦብዱ" ብሎ አይጠራም። ሁለቴ ጠራኝ። በመጋረጃው ቀዳዳ አየኋቸው፤ ሦስት ናቸው። አንዱ እግሩ ይደማል። ብቻውን ቢሆን እከፍትለት ነበር... እምላለሁ፣ እከፍትለት ነበር። ሦስት ሆኑብኝ።

እሷ ለስምንት ከፈተች።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 18

የእመቤታችን በዓል። ሦስታችን በእግር ወጣን። ፖሊሶቹ ከአደባባዩ ሄደዋል። ፊኛ ሻጮቹ ተመልሰዋል፤ የሙዚቃ ጓዱ ወንበር ደርድሯል፤ አሮጊቶቹ ጥላ ፍለጋ ይጋፋሉ። ሁሉም ትንሽ ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው።

የመጀመሪያው ርችት ሲፈነዳ ግማሹ ሰው መሬት ላይ ተኛ። አራሴሊም። ከዚያ እርስ በርስ ተያይተን ሳቅን፤ አንዲት ሴት ግን እንደተኛች ስታለቅስ ቀረች።

ኔሬይዳ መጣች፤ በአበባ ጥልፍ ልብሷ። ኤልፌጎ ሲያያት ፊቱ በራ። "ተማሪዬ! ፊደሉ እንዴት ነው?"

"'ሰ' አሁንም ትጠመዝዘኛለች፣ መምህር።"

ተሳሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅኩ፤ ጉንጬን አመመኝ። ቅናቱ ያው ነው፤ አሁን ግን ሌላ መልክ አለው። በሴትነቷ አይደለም የምቀናባት። የሱን ፊት ስታይ ዓይኗን መስበር የለባትም። የምቀናው በዚህ ነው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 20

ነገርኩት። ምሳ ሰዓት፣ አራሴሊ ጎረቤት ሄዳ እያለች። ግቢ ውስጥ ልብስ እያሰጣን ነበር፤ በአንሶላው ማዶ ሆኜ። ፊቱን እንዳላይ።

"ያን ቀን ቤት ነበርኩ።"

"አውቃለሁ።"

"...ታውቃለህ?"

"ሬዲዮው ሲጠፋ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለሷ ለምን ቤት የሉም አልካት?"

"ምን ልበል? ሚስቴ ዘጋችብኝ ልበል?"

አንሶላው ላይ አንድ መቆንጠጫ ሰካሁ። "ተቀየምከኝ?" አልኩት።

"አንድ ቀን ሙሉ። ከዚያ ልጅቷን አሰብኩና፣ ልክ ናት አልኩ። በማግስቱ ደግሞ ተቀየምኩሽ። እንዲህ እያልኩ ነው ያለሁት። አንዳንድ ቀን እንዲያ፣ አንዳንድ ቀን እንዲህ።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ ገና አላወቅኩም፣ ኦብዱ።"

መቆንጠጫዎቹን ሰብስቦ ሰጠኝ። እጄን አልነካም።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 23

በየዓመቱ ከፍጅል ሥር ምስል እየቀረጹ የሚያሳዩበት ትርዒት ላይ ሰው ከተማውን አጥለቅልቆታል። አራሴሊን አባቷ ወሰዳት። እኔ አልሄድኩም።

ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 4

ደብዳቤ ስለይ ስሟን አየሁ። ኔሬይዳ። በእርሳስ የተጻፈ፣ ከሰሜን፣ የእስር ቤት ማኅተም ያለበት። ላኪው ቴኦፊሎ ነው። "ሰሜን ነው" ያለችኝ ይሄን ነው ለካ።

ከመስመሩ ሁሉ በፊት እሷ ጋ ሮጥኩ።

ፖስታውን አገላብጣ አየችው። ስሟን በጣቷ ተከተለችው፤ አገኘችው። ውስጡን ስታይ ግን ፊደሉ በዛባት። "አንብቢልኝ" አለችና ተሰላፊዎቹን ወደ ውጭ ሸኘቻቸው።

አነበብኩ። "እማ፣ ደህና ነኝ። ይበርዳል። እግሩ የቆሰለውም ሰውዬ እዚሁ ነው፤ ቁስሉ ድኗል። ስለ እሱ አትቆጪኝ። መምህሩ ቤቱን ተዘግቶ ሲያገኘው፣ ሰውዬውን መሸከም አቅቷቸው እዚያው ቤት ጥግ ላይ ትተውት ነበር እኛ ጋ የመጡት፤ እኔ ካልሄድኩለት ማን ይሄድለት ነበር? ላነሳው ጎንበስ ስል ነው ሁለታችንንም የያዙን..."

እዚያ ላይ ወረቀቱን አጠፍኩት። ደጄ ላይ የደማው ሰውዬ ነው። ጥጉም የኔ ጥግ ነው።

"ምነው ቆምሽ? ቀጥዪ እንጂ።"

"ቤት ነበርኩ" አልኳት። "ሲያንኳኩ ቤት ነበርኩ። ድምፁን አውቄው ነው ያልከፈትኩት።"

አየችኝ። ከዚያ ተነስታ ወፍጮውን አስነሳች። ውስጡ ምንም የለም፤ ድንጋይ ከድንጋይ ይፋጫል፣ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ልውጣ? ልቀመጥ? ተቀመጥኩ።

አጠፋችው። ሳትዞር "ነገ እንዳትመጪ" አለች።

"እሺ።"

"ከነገ ወዲያም።" እጇን በሽርጧ ጠረገች። "ሰኞ ነይ። መልስ መጻፍ አለብኝ።"

ቤት ገብቼ ኤልፌጎን "ልጇ በኛ ምክንያት እንደታሰረ ታውቅ ነበር?" አልኩት።

"አውቅ ነበር።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አትችይውም ብዬ።" ከዚያ ቀስ ብሎ "ፊደሉን ያስጀመርኳት ለዚያ ነው። ደብዳቤ ይመጣል፤ የልጇን ነገር በሰው አፍ ከምትሰማ ብዬ። ስምንት ቀን አልበቃንም።"

እኔ ያንን ወረቀት አይቼ ስንት ቀን ነበር እንቅልፍ ያጣሁት...

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 8

ትምህርት ቤት ተከፈተ። ኤልፌጎ ጠዋት ወደ ተራራው አውቶቡስ ተሳፈረ። አርብ እመለሳለሁ አለ። በመስኮት እጁን አወጣ፤ ያዝኩት፤ አውቶቡሱ እስኪነሳ አልለቀቀኝም። የይቅርታ እጅ ነው? አላውቅም። እጅ ነው።

ከሥራ ስወጣ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ኔሬይዳ አልሳቀችም። በርጩማውን በእግሯ ገፋችልኝ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ገዝታ አስቀምጣለች።

እሷ እየነገረችኝ ጻፍኩ። ብርድ ልብስ ልካለች። ጠበቃው ተስፋ አለ ብሏል። ገበያው ደርቷል፤ የካካዎ ዋጋ አይቀመስም። ድመቷ ወልዳለች። ሁለት ገጽ ሞላን። ጨረስን ብዬ እስክሪብቶውን ላስቀምጥ ስል፣ "ቆይ" አለችኝ። ዓይኔን እያየች፣ ቃል በቃል፣ እንዳይጠፋኝ ቀስ እያለች ነገረችኝ። በገዛ እጄ ጻፍኩት፦

"ይህን የምትጽፍልህ ኦብዱሊያ ናት፤ የመምህሩ ሚስት። ያን ቀን ቤት ነበረች። አልተቆጣኋትም ብዬ አልዋሽህም። እስክትፈታ እሷ ትጽፍልኛለች። ስትመጣ ደግሞ የምትላትን ራስህ ትላታለህ።"