ከጥቁሩ ድንጋይ ውስጥ የሚያንኳኳው

ቡራዩ፣ የካቲት ፲፱፻፵፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለውዷ እናቴ፣

ከተለየሁሽ ወዲህ እንዴት ነሽ? ወገብሽንስ እንዴት አደረገሽ? የተፍኪ ውርጭ ዘንድሮ በሽምብራው ላይ አልጨከነም? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ደህና ነኝ። በድንጋይ ካባው ስለ ደረሰው ነገር ሰው ቀድሞ ነግሮሽ ከሆነ፣ ከተጎዱት መካከል አይደለሁምና አትደንግጪ። አጎቴም ሲያነብልሽ ቀስ ብሎ ያንብብልሽ።

የምሠራበትን ቦታ በቅጡ ነግሬሽ አላውቅም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ገደል ሥር ያለ የድንጋይ ካባ ነው፤ ድንጋይ እየፈነቀልን እንጠርባለን። ድንጋዩ ጥቁርና ከባድ ነው። ለመንገድ ጠጠር፣ ለቤት መሠረት፣ ለወፍጮም የሚፈለገው እሱ ነው። ጠርበው እንዳቆሙት ምሰሶ ጎን ለጎን ተደርድሮ ስታዪው የሰው እጅ ያለበት ይመስልሻል። መሐንዲሱ እንደ ነገረን ግን፣ ድሮ ከምድር ሆድ እንደ ገንፎ እየተንተከተከ የወጣ እሳት ነው፤ ሲበርድ ተኮማትሮ ነው እንዲያ የተሰነጠቀው። ጤነኛው ድንጋይ በመዶሻ ሲመቱት እንደ ደወል ይጮኻል። ውስጡ የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ስለዚህ ድንጋይ የምንመርጠው በጆሯችን ነው። በዚህኛው ጫፍ የመቱትም በወዲያኛው ጫፍ ጆሮ ላስጠጋ ሰው ይሰማል።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ፣ ምሰሶዎቹ ተገንድሰው ወደቁ። ደቻሳ ከሥራቸው ነበር። ደቻሳ የሥራ ጓደኛዬ ነው፤ እዚህ የመጣሁ ሰሞን ማደሪያ ሳጣ ቤቱ ያስገባኝ እሱ ነው። አቧራው ሲገለጥ ከድንጋይ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። አለቃችን አቶ አሥራት ባርኔጣቸውን አውልቀው ነፍስ ይማር ሊሉ ሲጀምሩ፣ ድንጋዩ ከውስጥ ተንኳኳ።

ሁላችንም ሰማነው። ብረት በድንጋይ ላይ ነው፤ እያረፈ ይመታል። ጆሯችንን እየለጠፍን፣ ድምፁ ወደ ጠነከረበት በዲጅኖ ቆፈርን። ስንስት ይርቃል፣ ስናቀና ይቀርባል። አንድ ጊዜ ደክሞን ስንቆም አቶ አሥራት፣ «ይብቃችሁ፣ ሌላ ሰው ይጨመርበታል» አሉን። ያን ጊዜ ቶሎ ቶሎ መታ። ዲጅኗችንን መልሰን አነሳን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደቻሳን በሕይወት አገኘነው። ሁለት ምሰሶዎች ተደጋግፈው በላዩ እንደ ጣሪያ ሆነውለታል። እጆቹ ግን ሁለቱም ከክርናቸው በታች በድንጋይ ተይዘው ነበር። አውጥተን ውሃ ሳጠጣው፣ «አይዞህ፣ ያዳነህ ማንኳኳትህ ነው» አልኩት።

ወደ እጆቹ አየ። «በምን እጄ?» አለኝ። «የሚያንኳኳው ከኋላዬ ነበር። እናንተ መስላችሁኝ ነበር። ስጣራ ዝም ይላል፤ ሳለቅስ ይመታል።»

መሐንዲሱ፣ ድንጋይ ቀን ሞቆ ሲመሽ ሲበርድ እንደሚንቋቋ አስረዳን። ይሆናል። ያን ሰዓት ግን ገና አልመሸም ነበር።

በማግሥቱ ደቻሳ ከወጣበት በስተኋላ ያለውን አነሳን። የቆየ ናዳ ነው፤ ሣር ሥር ሰዶበታል። ከሥሩ አንድ ሰው ጀርባውን ለድንጋዩ ሰጥቶ፣ ጉልበቱን አጥፎ ተቀምጧል። ዐጥንት ብቻ ነው። አጠገቡ ዝገት የበላው መዶሻ ነበረ። ፊት ለፊቱ ያለው ድንጋይ ላይ መዶሻው የቦረቦረው ጎድጓዳ አለ፤ ጡጫዬን ብከተው ገባ። ይህ ድንጋይ ለእኛ እንኳ፣ በጉልበታችን እያለን፣ እንዴት እንደሚያስቸግረን አውቃለሁ። ያን ያህል ለመቦርቦር የሚፈጀውን ጊዜ ማሰብ አልወደድሁም።

የሰፈሩ ሽማግሌ ኦቦ ገርባ ተጠርተው መጡ። በጣሊያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ከየአገሩ በግድ የተሰበሰቡ ሰዎች እዚህ ድንጋይ ሲፈነቅሉ ናዳ እንደ ወረደባቸው ነገሩን። «ነገሩን በሆዳችን ስንቀብረው ኖረን ነው እንጂ ድምፁን እናውቀዋለን» አሉ። «ያኔም ብዙ ቀን ተንኳኳ። ልንቆፍር ስንል ወታደሮቹ ከለከሉን።» ቀጥለውም፣ «እንግዲህ ባለቤት የለው፣ ዛሬውኑ አፈር እናልብሰው» ሲሉ ሳላስበው «ይቆይ» አልኩ።

ቀኝ ክንዱን አይቼ ነው። ድሮ ተሰብሮ፣ ጠምሞ የገጠመ ነው።

እናቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። በሠርጋችሁ ዓመት አባቴን በቅሎ ጥላው፣ ክንዱን ወጌሻ አጣሞ ጠገነው እያልሽ ትስቂ ነበር። ቀኙን ነበር ወይስ ግራውን? በደብዳቤ አትመልሺልኝ። መጥተሽ ንገሪኝ።

ዐጥንቱን በእጄ አጥቤ በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልዬዋለሁ። የደብሩ ካህን እስክትመጪ በአደራ ተቀብለውኛል። ካባው ውስጥ ከዚያ ወዲህ የሚሰማው የእኛው መዶሻ ብቻ ነው። ደቻሳ እየተሻለው ነው፤ «እናትህን ከቤቴ ሌላ እንዳታሳርፋት፣ ጉልበቷን እስማለሁ» ይላል።

አባቴ በጣሊያን ጊዜ ተይዞ ከቀረ ጀምሮ ሰው ሁሉ እርምሽን አውጪ ሲልሽ እምቢ ማለትሽን እኔም በልቤ እነቅፍሽ ነበር። ከእንግዲህ አልነቅፍሽም።

አጎቴን አስከትለሽ ነይ፤ ብቻሽን እንዳትመጪ። ጥቁር ልብስ ባታገኚም አትቸገሪ፣ እዚህ አሰፍቼልሻለሁ። ፈጣሪ ለመንገዱም ለሚጠብቅሽም ነገር ጉልበት ይስጥሽ።

የሁለታችሁ ልጅ