ወይዘሮ ሰመረት እና በጣሳ የኖረው ኢቢስኮ

ወይዘሮ ሰመረት ተኽላይ ከአባታቸው ከአቶ ተኽላይ ክፍሎም እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኣኽበረት ሰርፀ በ1949 ዓ.ም. በምጽዋ ከተማ ተወለዱ። እስከ ስምንተኛ ክፍል በአማርኛ ተምረው በ1967 ዓ.ም. ወደ ሮም መጡ፤ ለሁለት ዓመት ብለው ነበር።

በቤት ሠራተኛነት የተቀጠሩበት ቤተሰብ በ1971 ዓ.ም. ወደ ሲሸልስ ደሴቶች ሲሄድ ልጅ እንዲይዙለት ይዟቸው ሄደ። እዚያ በየአጥሩ የሚታየው ቀይ አበባ፣ ጣልያኖች ኢቢስኮ የሚሉት የከርከዴ ዘመድ፣ ልባቸውን ወሰደው። የደሴቱ ተወላጅ መስሏቸው ነበር። አትክልተኛው ግን ከሩቅ የመጣ መሆኑን፣ ዘር እምብዛም ስለማይዝም ሰው ቅርንጫፉን ቆርጦ ካልወሰደው የትም እንደማይደርስ ነገራቸው። እሳቸውም አንዱን በእርጥብ ጥጥ ጠቅልለው ሮም አስገቡት፤ በባዶ የቲማቲም ሰልሳ ጣሳ ተከሉት።

በ1975 ዓ.ም. ከአቶ ኣስመላሽ ሰናይ ጋር በጋብቻ ተሳስረው ልጃቸውን ፍናንን ወለዱ። የማያርፉ ሰው ነበሩ፤ ቁጭ ብለው ምሳ ሲበሉ ያየ ካለ ይመስክር። ቤት በቀየሩ ቁጥር፣ በነሐሴ 2009 ዓ.ም. ፖሊስ ከቪያ ኩርታቶኔው የስደተኞች ሕንፃ ሲያስወጣቸውም፣ መጀመሪያ የሚያቅፉት ያንን ጣሳ ነበር። መሬት ላይ ይተከል ሲባሉ፣ «አሎራ፣ እና ታዲያ፣ አገሬ ስገባ ማን ይነቅልልኛል?» ይሉ ነበር። መትከል ለእሳቸው እዚሁ ቀረሁ ማለት ነበር፤ ይህን ደግሞ አፋቸው አይደፍረውም።

ባለፈው ዓመት ፍናን ግቢ ያለው ቤት ስትከራይ እንደምንም ተስማምተው ተከሉት። በሳምንቱ ነቅለው ወደ ጣሳው መለሱት። ደግመው ተከሉ፤ ደግመው ነቀሉ። ሥሩን ገደሉት እኮ ብለን ስንቆጣ «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብለው ይስቁብናል፤ እጃቸው ግን አፈሩን መነካካት አልተወም።

የልብ ሕመም አልጋ ላይ ካዋላቸው በኋላ በመጋቢት ወር ልጃቸውን ጠርተው፣ «ፍናን፣ አሁን ትከይው። ከእንግዲህ የሚነቅለው የለም» አሏት። ሁላችንም አለቀስን፤ የትም እንደማይሄዱ ከራሳቸው አንደበት የሰማነው ያን ቀን ብቻ ነውና። በመስኮት እያዩት ሰንብተው ሚያዝያ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል፤ ልጃቸውን ፍናንን እና የልጅ ልጃቸውን ዳኒኤላን ትተውልናል።

ኢቢስኮው ሥር ይዟል፤ አዲስ ቅጠል አውጥቷል። በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ከእሱ የተቆረጡ ቅርንጫፎች በውሃ ተቀምጠዋል፤ ስትወጡ አንዳንድ ያዙ። አደራ፣ መሬት ላይ ትከሉት።

አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያኑርልን፤ ያላረፉትን እግሮቻቸውንም ያሳርፍልን።