የምትሮጠው ሴት

ግንቦት 4፣ እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ

የበረዶው አገር ፊልም ትናንት ታየ። ለውዜ ቶሎ አለቀ። በአዳራሹ በር ላይ ሽጬ ስጨርስ ፊልሙን የሚያሳየው ሐሚድ አስገባኝ፤ እንደ ልማዴ ከኋላ ቆሜ አየሁ። ሰዎቹ በረዶ እንደ ጡብ እየቆረጡ ቤት ይሠራሉ። ውስጡ መብራት ያበራሉ፣ አይቀልጥም። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከመንጌ የመጡ ወርቅ አጣቢዎች ከፊት ተቀምጠው ውሸት ነው አሉ። አንዱ ደግሞ፣ እዚህ ቢሠሩት እስከ ቀትር ጠጥተን እንጨርሰው ነበር አለ። እኔ አመንኩ። ዘጋቢ ፊልም የምወደው ለዚህ ነው። በተዋናይ ፊልም ማልቀስ ያሳፍረኛል። ሰውዬው ደመወዝ እየተከፈለው ነው የሚሞተው።

ልጄ ብርቄ ጥሩ አነበበች። ፊልሞቹ በእንግሊዝኛ ስለሚናገሩ ሐሚድ ድምፁን ይቀንሳል፣ እሷ የአማርኛውን ትርጉም በማይክ ታነባለች፣ ከእሷ ቀጥሎ አንድ የቢሮ ሰው በበርታ ቋንቋ ባጭሩ ይደግመዋል። እዚህ አሶሳ ክልሉ አዲስ፣ ባህል ቢሮው አዲስ፣ የእሷም የታይፒስትነት ሥራ አዲስ። የሚተረጉመው የእንግሊዝኛ አስተማሪው መ/ር ቶሌራ ነው። አማርኛውን የማርመው እኔ ነኝ። መሠረተ ትምህርት ፊደል አስቆጠረኝ፣ የቀረውን በስኳር መጠቅለያ ጋዜጣ ተማርኩ። መ/ር ቶሌራ የሚያርመው ማን ነው ብሎ ጠይቋት፣ አንድ የተማሩ ዘመዴ ናቸው አለችው። ሁለታችንም ሳቅን።

ግንቦት 5፣ ሰኞ

አዲስ ካሴቶች መጡ። ብርቄ ማስታወቂያውን ጽፋ ለጠፈች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በአዳራሽ ይታያሉ፣ ቴሌቪዥንና ዴክ ያለው ደግሞ ከሐሚድ ቪዲዮ ቤት ተውሶ በቤቱ ማየት ይችላል። የንብ አለ። የእሳተ ገሞራ አለ፤ እሱን ቆሜ ሳይሆን ተቀምጬ ነው የማየው።

አንዱ የወሎ ነው። የድርቁና የሰፈራው። ያን ጊዜ የውጭ ሰዎች ያነሱት። በ17 ይታያል።

ብርቄ ደስ ብሏታል። የእኛ ፊልም ነው ትላለች። ምናልባት ራሳችንን እናያለን ትላለች። ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ደግ ነው፤ እንባዬን ሽንኩርቱ ሸፈነልኝ።

ግንቦት 7፣ ረቡዕ፣ ጧት 3 ሰዓት

ሐሚድ የሕንድ ፊልሙን ሳይጀምር ደረስኩ። የወሎውን አሳየኝ አልኩት። ለምን አላለኝም።

መጠለያው። ድንኳኖቹ። ሰው መኪና ላይ ሲወጣ። አቧራ። ከዚያ አንዲት ሴት ከመኪናው ኋላ ትሮጣለች። አንድ እጇ ራሷ ላይ፣ ሌላው ወደ ፊት። ሦስት ትንፋሽ ያህል። ከዚያ የስንዴ ጆንያ ይመጣል።

አስቁምልኝ አልኩ። አስቆመው። ምስሉ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፣ ነጭ መስመር ፊቷ ላይ ያልፋል። ዘነቡ ናት? አላወቅኩም። ነጠላዋ የማንም ነጠላ ነው። መልሰው አልኩት። መለሰው። ደግሞ መልሰው አልኩት።

«ወላሂ እማማ፣ አንተ ይሄን ካሴት ልትበላው ነው!» አለኝ። ለሁሉም ሰው አንተ ነው የሚለው፣ ለሚስቱም።

«ዘመድህ ነው?»

አይደለም አልኩ። ወጣሁ።

ግንቦት 8፣ ሐሙስ፣ ጧት

ደብተሬ፣ ላንቺም ነግሬሽ አላውቅም። እንግዲህ ስሚ።

ዘነቡ በመጠለያው ጎረቤቴ ነበረች። ድንኳናችን ጎን ለጎን። ብርቄ የእሷ ልጅ ናት፤ ያን ጊዜ አራት ዓመቷ። መኪናው የመጣ ዕለት ዘነቡ ብርድ ልብስ ረስታ ተመለሰች። ልጄን ያዢልኝ አለችኝ። ተሳፋሪ ቆጣሪው ደረሰ። ልጅቷ የማን ናት አለ። እዚያው እንዳትቀር ብዬ፣ የእኔ ናት አልኩ። ይህ ክፋት አልነበረም፤ ይህን እምላለሁ።

መኪናው ሲንቀሳቀስ ግን አየኋት። ስትሮጥ። ያን ዕለት ያየሁት በፊልም አይደለም። የጋቢናውን ጣራ ብደበድብ ይቆም ነበር። ሌሎች ደብድበው አስቁመዋል፣ ለሽንት። እኔ አልደበደብኩም። ልጅቷ እቅፌ ውስጥ ነበረች። እግዜር መውለድ አልሰጠኝም ነበር። ባለቤቴ ይመር አየኝ፣ እሱም ዝም አለ። አሶሳ እስክንደርስ በየማደሪያው የምነግረው ሰው ነበር። አልተናገርኩም።

ብርቄ እንዳልወለድኳት ታውቃለች። እናትሽ በመጠለያው በበሽታ ሞተች ብያታለሁ። መንግሥት ተለውጦ ሰው ወደ ወሎ መመለስ ሲጀምር ይመር፣ ሄደን እንጠይቅ አለኝ። ከርሞ አልኩት። በዚያው ክረምት ወባ ወሰደው።

አሥራ አራት ዓመት ሆነ።

ግንቦት 12፣ ሰኞ

ብርቄ የትርጉሙን ወረቀት አመጣች። ስድስተኛው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ አንዲት ሴት መኪናውን ተከትላ ትሮጣለች። ለምን እንደምትሮጥ አናውቅም።

ፊልሙን ቢሮ ውስጥ አይታዋለች። ይህን ቦታ አልወደደችውም።

«አናውቅም ብዬ በማይክ ልናገር? ሰው ምን ይለኛል! አንቺ እዚያ ነበርሽ አይደል እማዬ? ለምን ትሮጣለች?»

መኪና አምልጧት ይሆናል አልኩ።

«መኪና ያመለጠው ሰው እንዲህ አይሮጥም። እኔ የባምባሲ መኪና ስንቴ አምልጦኛል፤ ቆሜ እሳደባለሁ እንጂ! እጇን አይተሽዋል?»

አላየሁም አልኩ። ነጠላ ሰረዝ አስተካክዬ ወረቀቱን መለስኩላት።

ግንቦት 13፣ ማክሰኞ

መቀመጥ አልቻልኩም። የታጠበ ልብስ አጠብኩ። ለውዙ አረረ። ሦስት ጊዜ ወደ ገበያ ወጥቼ የምገዛውን ረስቼ ተመለስኩ።

9 ሰዓት ላይ ሐሚድ ዘንድ ሄድኩ። ካሴቱ ተበላሽቷል በልልኝ አልኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ለምኜ አላውቅም። የመንግሥት ካሴት ነው፣ አይሆንም አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

ለካ ያውቃል። መኪኖቹ አሶሳ ሲገቡ ጎረምሳ ነበር፤ ከእናቱ ጋር ውኃ አቀብሎናል። «አንተ ልጅ አቅፈህ ወረድክ። ልጁ እናቴ፣ እናቴ ይላል። አንተ እዚያ ነህ፣ ልጁ ሌላ እናት ይጠራል። እኔ ገረመኝ። ለእናቴ ነገርኩ፣ ዝም በል አለኝ።»

ይህን ሁሉ ዘመን እያወቀ እማማ ሲለኝ ኖረ። ለውዝ ሲገዛኝ ኖረ። ተቆጥቶኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ማንጎ ሰጥቶ ሸኘኝ።

ግንቦት 15፣ ሐሙስ

ዛሬ ሁለቴ ጀመርኩ። በምሳ ሰዓት፣ ብርቄ አንድ ነገር አለ አልኳት። ጨው አቀብዪኝ ሆኖ አለቀ። ማታ ልብስ ስታጥፍ ደግሞ ጀመርኩ። ምነው አመመሽ አለችኝ፣ ግንባሬን ዳሰሰች። እጇ ቀዝቃዛ፣ ጥሩ እጅ።

ልትጠላኝ ነው። ሌላው ሁሉ ሰበብ ነው፤ የምፈራው ይህን ነው።

ዝናብ መጣ። ቆርቆሮው ይጮኻል።

ግንቦት 16፣ ዓርብ፣ ማታ 2 ሰዓት

ነገርኳት።

እንዲህ ሆነ። ከሥራ መጥታ ጮክ ብላ ልምምድ ታነባለች። እኔ ለውዝ እለቅማለሁ። ስድስተኛው ገጽ ጋ ስትደርስ ተለውጧል። አናውቅም የሚለው ስላልተመቻት መ/ር ቶሌራ በሌላ ተክቶታል፦ አእምሮዋ የተነካ አንዲት ሴት መኪናውን ተከትላ ትሮጣለች። ሰው እዚህ ጋ ሳይስቅ አይቀርም አለች ብርቄ።

እብድ አይደለችም አልኩ። ድምፄ ከየት እንደወጣ አላውቅም። ልጇ መኪናው ላይ ናት አልኩ። ልጇ አንቺ ነሽ።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። ብርድ ልብሱን፣ ቆጣሪውን፣ ጋቢናውን፣ ይመርን፣ በበሽታ ሞተች ያልኩትን። ፊልሙ ላይ ያለችው እሷ መሆኗን እርግጠኛ እንዳልሆንኩም ነገርኳት። እዚያ ሌላም እናት ሮጣ ሊሆን ይችላል። ዘነቡ ግን ሮጣለች። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

አላለቀሰችም። ስሟን ጠየቀችኝ። ነገርኳት። የዘነቡን አባት ስምም። ሁለቱን አንድ ላይ ቀስ ብላ አለቻቸው፣ እንደምታጠና።

«ያን ጊዜ ስጠራት ትሰሚኝ ነበር?»

አዎ አልኩ።

ወረቀቶቿን ሰብስባ ወጣች። እማዬ አላለችኝም። ወዴት እንደምትሄድ አልጠየቅኩም። የመጠየቅ መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ፣ ጧት 2 ሰዓት

መጣች። ጓደኛዋ ቤት አድራለች። ዓይኗ አብጧል። ቀሚሷን ቀየረች። አነባለሁ አለች። እኔ ዛሬ ለውዝ እንዳልሸጥ፣ ከኋላም እንዳልቆም፤ ከፊት፣ የምታየኝ ቦታ እንድቀመጥ ነገረችኝ። ቁርስ አቀረብኩላት፣ ቆማ ሁለት ጉርሻ በላች።

የቱን ነጠላ ልልበስ? ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ይህ። እሄዳለሁ።

ግንቦት 18፣ እሑድ፣ ጧት

ከፊት ተቀመጥኩ። አዳራሹ ሞላ፤ ከሰፈራ አምባዎቹ በእግር የመጡ ነበሩ። ብርቄ አልተንቀጠቀጠችም። እዚያ ጋ ስትደርስ ወረቀቱን አላየችም፣ እኔንም አላየችም፣ ምስሉን ነው ያየችው። ይህች ሴት ልጇን ተከትላ ነው የምትሮጠው፣ ልጇ መኪናው ላይ ናት አለች። የበርታው ሰው ደገመው። ሳቅ የለም። ከኋላዬ አንዲት ሴት፣ ወይኔ እናት፣ ማን ነው እንዲህ ያደረጋት አለች። ሰማሁ። ሌላዋ መለሰች፦ አቁም የሚል ሰው ጠፍቶ ነዋ። ይህንንም ሰማሁ። ማንም እኔን አላየም። ፊልሙ እስኪያልቅ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ሲያልቅ ሰው እየወጣ ሳለ ብርቄ አጠገቤ መጥታ ቆመች። ፈቃድ ጠይቃለች፤ ነገ ወደ ወሎ ትሄዳለች። አብሬሽ ልሂድ አልኩ። አይሆንም አለች። ትመለሺያለሽ ወይ አልኩ። አላውቅም አለች። በቁጣ አይደለም። እውነቱን ነው የተናገረችው።

አንድ ነገር ጠይቃኛለች። ዘነቡን ካገኘች እንዴት እንደሆነ እሷ እንደማትነግራት፤ ይህን እኔ በእጄ ጽፌ፣ ስሜን ከሥር አኑሬ እንድሰጣት። የሰፈራቸውን ስም፣ የዘመዶቿን፣ የማስታውሰውን ሁሉ ጭምር። ሞታ ካገኘቻትም ለቤተሰቡ ይነበባል።

እሺ አልኩ። ከርሞ አላልኩም።

ዛሬ ነው የምጽፈው፣ አሁን፣ ሻንጣዋን እየሸከፈች ሳለች። ደብተሬ፣ ላንቺ መጻፍ ቀላል ነበር፤ አትመልሺልኝም። ከመካከልሽ ሁለት ንጹሕ ወረቀት እገነጥላለሁ። ዘነቡ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ሰው ነው የሚያነብላት። ስለዚህ ባጭሩ። ምክንያት ሳላበዛ። መጀመሪያ የምትፈልገውን፣ ከዚያ እኔን። እዚሁ ልሞክረው፦

ይድረስ ለወ/ሮ ዘነቡ። ልጅሽ ብርቄ በሕይወት አለች። አድጋለች፣ ተምራለች፣ ይህን ወረቀት ይዛ ፊትሽ የቆመችው እሷ ናት። የወሰድኳት እኔ ነኝ። ስትሮጪ አይቼሻለሁ። አይቼሽ መኪናውን አላስቆምኩም።