ፒኤስ ፋይቭ እንግዛ ወይስ ሲክስን እንጠብቅ?

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ
ፕሌስቴሽን ቤታችን ሞልቶ ዋለ። አራቱም ፒኤስ ፎሮች ሥራ ላይ። ጋሽ ገርባም እንደ ልማዳቸው መጡ። ከመልካሳ እርሻ ምርምር በጡረታ ከወጡ ወዲህ ተማሪዎቹን በኳስ ጨዋታ እያሸነፉ አስቸግረዋል። "አካም ቡልቴ ዲንቄ" ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርሽ ካሉኝ በኋላ ጥጉን ያዙ።
የተማሪዎቹ ወሬ አንድ ነው... ሲክስ መቼ ይወጣል? አንዷ ተማሪ ቤዚ በየሰባት ዓመቱ አዲስ መውጣት አለበት ትላለች። ሌላው ደግሞ የፋይቭን አቅም እንኳ ማን ጨርሶ አየው ይላል። እኛ ገና ፎር ላይ ነን።

ጥቅምት 12
ፊት ለፊታችን ፒኤስ ፋይቭ ያለው ቤት ተከፈተ። ባለቤቴ ማናሴ አራቱን ሽጠን አንድ ፋይቭ እንግዛ አለ። ሲክስ ከወጣ ፋይቭ ይረክሳል፣ እንጠብቅ አልኩት። መቼ ነው የሚወጣው አለኝ። እኔ ምን አውቄ?

ጥቅምት 15
ጋሽ ገርባን አማከርኳቸው። ሳቁ።
"እኛም አዲስ የቦሎቄ ዘር ስናወጣ ጭንቃችን ይኸው ነበር። ቶሎ ካወጣነው ገበሬው የፊተኛውን ገና አላመነውም። ካዘገየነው ሰልችቶት ሌላ ይዘራል።"
ታዲያ መቼ ነበር የምታወጡት ስላቸው "ሲደርስ" ብለው ወደ ጨዋታቸው ዞሩ። አሁን ይሄ መልስ ነው?

ጥቅምት 23
አቦምሳ ነኝ። እማዬ አሟት። ማናሴ ደወለ፣ ሁሉ ሰላም አለ። ድምፁ ግን...

ጥቅምት 29
ተመለስኩ። አራቱም የሉም። ሳይነግረኝ ለሻሸመኔ ነጋዴ ሸጧቸዋል። በቦታቸው አንድ ነጭ ፒኤስ ፋይቭ ብቻ። ቤቱ የጋራችን አልነበረም እንዴ?
"ብነግርሽ ስትጠብቂ ትኖሪያለሽ" አለኝ።
ልክ ነው ይሆን? መናደዴን እንኳ በደንብ አላውቀውም።
ጋሽ ገርባ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። ወረፋውን አዩና ሳይቀመጡ ሄዱ። ፎሮቹን ስላጡ መሰለኝ።

ኅዳር 4
እኔም ሳልነግረው ሻሸመኔ ወረድኩ። ነጋዴው ፈሪድ ሦስቱን ሸጧል። የቀረችውን መልሼ ገዛኋት። በመንገድ ሁሉ ጭኔ ላይ አቅፌያት... ምን እያደረግኩ ነው? ለጋሽ ገርባ አዝኜ ነው ወይስ ማናሴን ላናድድ?

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ
ማሽኗን ጥጉ ላይ አበራኋት። ማናሴ አየና ወደ ደንበኞቹ ዞረ። ጋሽ ገርባ ደውዬላቸው መጡ። መረቁኝ። ከዚያ ሄደው የፋይቭ ወረፋ ውስጥ ተቀመጡ!
ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው መልሼ የገዛኋት አልኳቸው። ያን ቀን የሄዱት ለካ የሐኪም ቀጠሮ ደርሶባቸው ነው።
"አዲሱንማ ሳልሞክር ልሙት?" አሉኝ።
ማናሴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል... እየሳቀ ነው። እኔም ሳቄ አመለጠኝ። ከአቦምሳ ከመጣሁ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ነው።
ስንዘጋ ከእንግዲህ ሳልነግርሽ አልሸጥም አለኝ። እኔም ሳልነግርህ አልገዛም አልኩት። ሲክስስ መቼ ይመጣ ይሆን ብዬ ጠየቅኩት። እንጃ አለ። ማናሴ እንጃ ሲል ሰምቼው አላውቅም።