ሳያብብ የነቀልኩት አደይ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 8

ነቀልኩት። ከነሥሩ፣ አንድም ሳላስቀር።

የዓመት ፈቃዴ አራተኛ ቀን ነው። ጠዋት ዝናቡ ጋብ ሲል ጓሮውን ላርም ወጣሁ። ሥራ እየሄድኩ ክረምቱን ሙሉ ዞር ብዬ ስላላየሁት ጎመኑና አረሙ ተቃቅፈው አድገዋል። ጎመኑን አጸዳሁ፣ ቆስጣውን አጸዳሁ። ከዚያ አጥሩ ጥግ ያለችው፣ ከአንድ ሰሌን የማትበልጥ ቦታ ዐይኔ ውስጥ ገባች። ቅጠሉ የሳሳ፣ ጉልበት የሚደርስ ነገር ሞልቷታል። አፈሩ ርጥብ ስለሆነ ገና ሲነኩት ይወጣል። በእቅፍ በእቅፍ አድርጌ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር እንደማደርገው፣ በአጥሩ ላይ ለጎረቤታችን ለእማማ ዘነበች ዶሮዎች ወረወርኩላቸው። ወገቤን ይዤ ቆምኩና ባዶዋን ጥግ አይቼ ደስ አለኝ። ነጭ ሽንኩርት እተክልባታለሁ አልኩ።

ስድስት ሰዓት ላይ ብሌን ከቤተ ክርስቲያን የክረምት ትምህርቷ መጣች። ስምንት ዓመቷ ነው። ቀጥታ ወደ ጓሮ አለፈች። ጩኸቷን ስሰማ የሆነ ነገር የቆረጣት መስሎኝ በአንድ እግር ጫማ ሮጥኩ።

"አደዬ! እማ፣ አደዬ የታለ?"

አደይ አበባ ኖሯል። ባለፈው ዓመት የደረቁትን አበቦች ለቅማ በፖስታ ያስቀመጠችው፣ ሰኔ ላይ በገዛ እጇ የዘራችው። ለዘመን መለወጫ ዊንጌት ታክሲ ተራ ከሚሸጠው እስር ሳይሆን ከራሷ አደይ ይዛ አበባየሆሽ ልትል። ሳያብብ ከአረም ማን ይለየዋል? እኔ አልለየሁትም።

እስከዚህ ድረስ ስሕተት ነው። ስሕተት ይቅር ይባላል። ኃጢአቱ ቀጥሎ ያለው ነው።

የእማማ ዘነበች ቀይዋ ዶሮ በአጥሩ ቀዳዳ ሾልካ ገብታ እኔ የፈነቀልኩትን አፈር ትጭር ነበር። ብሌን አየቻት። እንባዋ እየወረደ ወደ እኔ ዞረች። "እሷ ናት? ዶሮዋ ናት የበላችብኝ?"

"ይመስለኛል" አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። አፌን ምን እንደከፈተው አላውቅም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 9

ዛሬ ደግሞ የባሰው ትዝ አለኝ።

ነግራኝ ነበር። ሰኔ ላይ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሰሞን። ለቢሮ ጓደኛዬ አራስ ልጅ ሹራብ እየሠራሁ ረድፍ እቆጥራለሁ። ሃያ ሦስት፣ ሃያ አራት። "እማ፣ አጥሩ ጥግ ያለውን እንዳትነኪብኝ፣ እሺ?" አለችኝ። "እሺ የኔ ማር" አልኩ። ሃያ አምስት። የራሴን ድምፅ አስታውሳለሁ። እሷ ያለችው ግን ዛሬ ጠዋት ቆስጣ ስከትፍ ነው ጆሮዬ የደረሰው፤ ከሁለት ወር በኋላ።

እሑድ እሑድ አንዱን የሹራብ መርፌዬን ይዛ ትጠፋ ነበር። ጭቃ ለብሶ ሲመለስልኝ "መርፌ መጫወቻ ነው?" ብዬ ተቆጥቻታለሁ። ለካ የአደይዋን ቁመት ትለካበት ነበር። በደብተሯ ጀርባ ጽፋዋለች፦ ግማሽ መርፌ። አንድ መርፌ። አንድ መርፌ ከጣት። ዛሬ አልጋዋን ሳነጥፍ አየሁት።

ለመስፍን ነገርኩት። ባሌ ጎሚስታ ቤት ነው የሚሠራው፤ እጁን በሳሙና እየታጠበ ሰማኝና መጀመሪያ ሳቀ። ፊቴን ሲያይ ተወው። "ጾሙ እስኪፈታ ቆዪ" አለኝ። "ዐሥራ ስድስት ትቆርባለች። አሁን ብትነግሪያት ትቀየምሻለች፤ ተቀይማ ደግሞ አትቆርብም። ታውቂያታለሽ።"

አውቃታለሁ። ፍልሰታ ሲገባ ጀምሮ እስከ ስምንት ሰዓት ውኃ እንኳን በአፏ አይዞርም። ምክሩን በደስታ ተቀበልኩት። ፈሪ ሰበብ ሲያገኝ እንደሚደሰተው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 10

እማማ ዘነበች በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው፣ "አስቴር፣ ልጅቷ አሟታል እንዴ?" አሉኝ።

እማማ ዘነበች ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፤ እሳቸውና ሦስት ዶሮዎቻቸው። ብሌንን አርግዤ ሳለሁ ሹራብ መሥራት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ብሌን ደግሞ ከሰዓት ከሰዓት እሳቸው ጋ ሄዳ ሁለት እጇን ዘርግታ ክር ትይዝላቸዋለች፤ እሳቸው እየጠቀለሉ ተረት ይነግሯታል። ሁለት ቀን አልሄደችም።

እኔ መልስ ስፈልግ ብሌን ከኋላዬ መጣች። "ዶሮዎችዎ አደዬን ስለበሉብኝ ነው" አለች፤ በአንቱታ፣ ሥርዓቷን ሳታጓድል። ወደ ቤት ገባች።

እማማ ወደ እኔ አዩ። እኔ ወደ ጎመኑ አየሁ።

"ኧረ በሞትኩት!" አሉ።

ማታ ልብስ ላስገባ ስወጣ ሦስቱም ዶሮዎች እግራቸውን በሹራብ ክር ታስረዋል። ቀይዋ ክሩ እስኪወጠር ድረስ ትሄድና ትቆማለች። ደግማ ትሞክራለች። ዐይኔን አዞርኩ።

እሑድ፣ ነሐሴ 11

ዛሬ ልናገር አስቤ ያልተናገርኩባቸው ጊዜያት፦

ጠዋት ጸጉሯን ስሠራላት። (እያመማት ስለነበር።)

ከቅዳሴ መልስ። (መንገዱ ጭቃ ነበር። ጭቃ ምን አገናኘው?)

ሽሮ ስትበላ። (እየበላች ሰው አይረበሽም።)

ቢጫ ክር ይዤ "ሹራብ ልሠራልሽ ነው" ስላት። እዚህ ጋ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ግን ክሩን አይታ "አደይ ይመስላል" አለችና ፊቷ ጨለመ። በቃ፣ ዋጥኩት።

ሹራቡን ጀምሬዋለሁ። ጉቦ መሆኑን አላጣሁትም። ለሌላ ሰው ልጅ ክረምቱን ሙሉ ስሠራ ከርሜ፣ ለራሴ ልጅ ትዝ ያለኝ ስዋሻት ነው።

ማታ ብሌን ለአባቷ የተማረችውን ስትነግረው ሰማሁ። "የተጣላ ሳይታረቅ ቢቆርብ ዕዳ ይሆንበታል አሉን።" መስፍን በእሷ ራስ ላይ አሻግሮ አየኝ። ከሹራቡ ሦስት ረድፍ ወደ ታች አንድ የክር ቀለበት አምልጦኝ ኖሮ የሠራሁትን ሁሉ ተረተርኩት።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 13

ቡሄ። ትናንት ምንም አልጻፍኩም፤ የሚጻፍ ነገር አላደረግሁም።

የሰፈሩ ልጆች በር በሩን ሆያ ሆዬ እያሉ መጡ። ብሌን ሙልሙል ሰጠቻቸው፤ ከራሷ ድርሻ አንዱን ግን በጨርቅ ጠቅልላ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጠች። ለማን እንደሆነ አልነገረችኝም።

ለእማማም ሙልሙል ይዤ ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ መረቁኝ። ከዚያ፣ "የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ከሱሉልታ ሲመጣ ዶሮዎቹን ይውሰዳቸው ብያለሁ" አሉ።

"ኧረ እማማ! ጠዋት የሚያስነሱኝ እነሱ ናቸው ይሉ የለም እንዴ?"

"እላለሁ። ግን ልጅ ያስለቀሰ ዶሮ ይዤ ምን ልሁን? ካልሆነ በቀር ይሄዳሉ።"

"ካልሆነ በቀር ምን?"

"ካልሆነ በቀር ነዋ" አሉና ሙልሙሉን መቁረስ ጀመሩ።

አሁን በእጄ ያለው ይህ ነው። ዝም ካልኩ አሮጊቷ ዶሮዎቻቸውን ያጣሉ። ከተናገርኩ ልጄ ቁርባኗን ታጣለች። ዐሥራ ስድስት ዓርብ ነው፤ ሰውየው የሚመጣው ቅዳሜ። መስፍን በጣቱ ቆጠረና፣ "አየሽ? ዓርብ ትቆርባለች፣ ዓርብ ከሰዓት ትነግሪያታለሽ፣ ዶሮዎቹም ይተርፋሉ" አለ። ጎማ ሲለጥፍም እንዲህ ነው፤ አየሩ የማይወጣበትን መንገድ ያገኛል። በዚሁ ተስማማን።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 15

አልሆነም።

ብሌን ስምንት ሰዓት ላይ መጣች። ምሳ አልበላችም። ነጠላዋን ለበሰች፣ በጨርቅ የጠቀለለችውን ሙልሙል አወጣች። "እማማ ዘነበች ጋ ውሰጂኝ።"

"ምን ልታደርጊ?"

"ልታረቃቸው።"

እማማ ደጃቸው ላይ ሹራብ ይዘው ተቀምጠዋል፤ ዶሮዎቹ ምሰሶው ሥር እንደታሰሩ ናቸው። ብሌን ቀጥ ብላ ቆመች። በቃሏ እንዳጠናችው ያስታውቃል። "እማማ፣ ዶሮዎችዎ አደዬን ቢበሉብኝም ይቅር ብያለሁ። እኔም ስለቀረሁብዎት ይቅር ይበሉኝ።" የደረቀውን ሙልሙል በሁለት እጇ ዘረጋችላቸው።

"ይቅር ለእግዚአብሔር፣ የኔ ልጅ" አሉና አቅፈው ሳሟት።

በብሌን ትከሻ ላይ ግን የሚያዩት እኔን ነበር። ቁጣ የለበትም። ሹራብ ሲያስተምሩኝ ቀለበት ሲያመልጠኝ እንዲህ ነበር የሚያዩኝ፤ አይናገሩም፣ ራሴ እስካየው ይጠብቃሉ።

ልጄ ምንም ያላጠፉ ሰው ፊት ቆማ ይቅርታ ትሰጣለች፣ ይቅርታ ትለምናለች። እኔ አጠገቧ ቆሜ ነጠላዬን አስተካክላለሁ!

"ዶሮዋ አይደለችም" አልኩ። "እኔ ነኝ የነቀልኩት። አረም መስሎኝ ነው። ዶሮዋ ናት ያልኩሽ ውሸቴን ነው።"

ብሌን አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር። "እሺ ብለሽኝ አልነበር?" አለችኝ።

"ብዬሽ ነበር። ግን እየሰማሁሽ አልነበረም።"

ዞራ ዶሮዎቹ አጠገብ ተቀመጠች። የቀይዋን እግር ስትፈታ ቋጠሮው አስቸገራት፤ ልረዳት ጎንበስ ስል እጄን ገፋችው። ሦስቱንም ፈትታ ስትጨርስ ቀና አለች። "አሁን ደግሞ በአንቺ ተቀየምኩ። ነገ አልቆርብም።" ወደ ቤት ሄደች።

እዚያው ቀረሁ። እማማ ሹራባቸውን አነሱ። "ዶሮዬ ብዙ ጥፋት አለባት" አሉ። "አረም ታቅፋ በአጥር መወርወር ግን አትችልም።"

ቀድሞውንም ያውቁ ነበር። የወረወርኩት ሁሉ ግቢያቸው ውስጥ ነው ያረፈው።

"ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ?"

"በልጅሽ ፊት ላጋልጥሽ? ደግሞ ስንት ቀን እንደምትቆዪ ልይ ብዬ ነው። ስምንት ቀን! እኔ ሦስት ነበር የገመትኩልሽ።"

መስፍን ማታ ሲሰማ "አንድ ቀን ብትታገሺ ምን ነበረበት?" አለኝ። ለእሷ ብዬ ነው የነገርኳት ወይስ ለእኔ እንዲቀለኝ? እኔ የምር ቀሎኛል። ሸክሙ ግን አልጠፋም፤ እሷ ላይ ነው ያለው። የስምንት ዓመት ልጅ ላይ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 16

አልቀሰቅሳትም ብዬ ነበር። ለቅዳሴ ልወጣ ስነሳ በሩ አጠገብ ቆማ አገኘኋት። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፣ እግሯን ታጥባለች።

"እማ፣ አስቤበታለሁ። ይቅር ብዬሻለሁ።"

ላቅፋት እጄን ዘረጋሁ።

"ቆይ" አለች። "ይቅር ብዬሻለሁ፤ ግን ገና ከፍቶኛል። እንደዚህ ሆኖ ይቆረባል?"

አላውቅም። እናት መሆን ሁሉን ማወቅ ይመስላት ይሆናል፤ ዛሬ ግን ለመገመት አልደፈርኩም። "አላውቅም፣ ካህኑን እንጠይቅ" አልኳት። የጠየቀችው ራሷ ናት። ቅጽሩ በር ላይ ያገኘናቸው ሽማግሌ ቄስ ጎንበስ ብለው ሰሟት፤ እኔንም አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩኝ። ነገሩ የገባቸው ይመስለኛል። "ኀዘን ቂም አይደለም፣ ልጄ። ግቢ" አሏት።

ቆረበች። አፏን በነጠላዋ ሸፍና ከሕፃናቱ መሃል ስትወጣ፣ እኔ ግድግዳ ተደግፌ እንደ ሞኝ አለቀስኩ። እኔማ አልቆረብኩም፤ ገና የምናዘዘው አለኝ።

ስንመለስ ለብቻዋ ቀድማ ሄደች። ቁልቁለቱ ጋ ስንደርስ ጭቃው አንሸራተታትና እጄን ያዘች። "ስለሚያዳልጥ ነው" አለችኝ። ደረቁ መንገድ ላይ ስንደርስ ለቀቀችኝ። እኔ እንግዲህ ያቺን ቁልቁለት ወድጃታለሁ።

ጳጉሜን 5

ብዙ ቀን ሳልጽፍ ቆየሁ። ሥራ ገባሁ። ዶሮዎቹ ሱሉልታ አልሄዱም፤ የእማማ እህት ልጅ በባዶ እጁ፣ እያጉረመረመ ተመለሰ።

ብሌን ከሰዓት ከሰዓት ክር መያዟን ቀጥላለች። አጥሩ ጥግ ላይ በካርቶን ጽፋ ተክላለች፦ "ነጭ ሽንኩርት አይተከልም"። ዝናብ ሲያጠፋው ደግማ ትጽፈዋለች። በፖስታው ውስጥ የቀረ ዘር አላት፤ ለከርሞ ነው።

በእማማ ግቢ፣ እኔ የወረወርኩት ክምር ላይ፣ ሦስት የአደይ እግር ጭቃው ውስጥ ሥር ሰዶ ተገኘ። ጠማሞች ናቸው። ሁለቱ ምንም የላቸውም፤ አንደኛው ሰኞ አበበ። ብሌን ዛሬ ቆረጠችውና መስፍን ከዊንጌት ባመጣላት እስር መሃል ሰካችው። ከጓደኞቿ ጋር አበባየሆሽ ልትል ነው። ነገ ጠዋት ያንን አንድ አበባ ለማን እንደምትሰጠው አልጠየቅኳትም። ለእማማ ዘነበች ይመስለኛል። ይገባቸዋል።

ቢጫው ሹራብ እጅጌው ቀርቶኛል። እሷ መስኮቱ ሥር እስሯን ታስተካክላለች፤ እኔ ረድፍ እቆጥራለሁ። ዐሥራ ሰባት፣ ዐሥራ ስምንት።

"እማ?"

ሹራቡን ጭኔ ላይ አስቀመጥኩ። ወደ እሷ ዞርኩ። "ወዬ፣ የኔ ልጅ?"

ትንሽ አየችኝ። "ምንም" አለች። "እየሰማሽኝ እንደሆነ ልይ ብዬ ነው።"

ወደ አበባዋ ተመለሰች። ስንት ላይ እንደነበርኩ ጠፋኝ፤ ከአንድ ጀመርኩ።