ከበቅሎ ያልወረዱት አሰልጣኝ፦ የአቶ ውባየሁ ገብረየሱስ የሕይወት ታሪክ

አሰልጣኝ ውባየሁ ገብረየሱስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረየሱስ ወልደ ሰማዕትና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ማርያም ዘውዴ፣ በመንዝ ከመሐል ሜዳ ከተማ የአንድ ሰዓት መንገድ በምትርቅ መንደር፣ በኅዳር ወር 1957 ዓ.ም. ተወለዱ። እናታቸው «ገብሱ ተወቅቶ ያለቀ ዕለት ነው» ሲሉ፣ አባታቸው ደግሞ «መች አለቀና! እኔ ገና አውድማ ላይ ነበርሁ» እያሉ እስከ ሕልፈታቸው ድረስ ስለተከራከሩ ትክክለኛውን ቀን እዚህ ላይ ማስፈር አልተቻለም። እልህ በዚህ ቤት የቆየ መሆኑን አድማጭ ከወዲሁ ይያዝልን።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ደግመው፣ ቀጥሎም መሐል ሜዳ ዘመናዊ ትምህርት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። ኳስን ያስተማሯቸው ግን በሦስት ዓመት የሚበልጧቸው ወንድማቸው አቶ አባይነህ ናቸው። የመጀመሪያዋ ኳሳቸው ከበግ ጠጉር ተድቦልቡላ የተሰፋች ስትሆን፣ ዝናብ የመታት ቀን በጭንቅላት የሞከራት ሰው ለሁለት ቀን አንገቱን ማዞር አይችልም ነበር። አቶ አባይነህ ታላቅ በመሆናቸው «እኔ በረኛ፣ አንተ አጥቂ» ብለው ሥራውን አከፋፈሉ። ይህ ክፍፍል ከጊዜ በኋላ ምን እንደሚያመጣ ያን ጊዜ ያሰበ የለም።

በ1976 ዓ.ም. ሁለቱም ወንድማማቾች ለመሐል ሜዳ ቡድን ተሰለፉ። አቶ ውባየሁ ረጅም፣ ቀጭንና ፈጣን ስለነበሩ ተከላካዮች ከኳሷ ይልቅ ማሊያቸውን መያዝ ይቀናቸው ነበር። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የቡድኑ ማሊያ አልተለወጠም፤ ሌላ አልነበረምና። የተቀዳደደውን ማሊያ ያዩት የመሐል ሜዳው የጨርቅ ነጋዴ አቶ ሰላሃዲን ሙሐመድአወል ከሱቃቸው አረንጓዴ ጨርቅ አውጥተው ለአሥራ አንዱም አሰፉላቸው፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም የአቶ ውባየሁ የልብ ወዳጅ ሆነው ኖሩ።

በ1984 ዓ.ም. የጎረቤቷ ከተማ የሞላሌ ቡድን አቶ ውባየሁን ፈለገ። እንዲህ ያለው ጉዳይ በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለምና፣ ሞላሌዎች አራት ሽማግሌ መርጠው፣ አንድ ሙክት አስጎትተው ወይዘሮ አስካለ ማርያም ደጅ ቆሙ። ወይዘሮ አስካለ ማርያም የቆመ ሽማግሌና የሚጎተት ሙክት ሲያዩ ነገሩ ወዲያው ገባቸውና «ተሳስታችኋል፤ እዚህ ቤት ሴት ልጅ የለም» አሉ። ሽማግሌዎቹም ጎንበስ ብለው «የመጣነው ለወንዱ ነው፣ እመቤቴ» ሲሉ፣ እናት በድንጋጤ በሩን ዘግተው ጎረቤት እንደጠሩ ይነገራል። በመጨረሻ ነገሩ ተብራርቶ፣ በሞላሌ የእህል መጋዘን የጥበቃ ሥራም ተጨምሮበት አቶ ውባየሁ ሄዱ።

የመሐል ሜዳ ሰው «በአንድ ሙክት ተሸጠ» ብሎ ስማቸውን አጠፋ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ሞላሌ ላይ ሲጫወቱ፣ ከሜዳው ዳር «ይሄንን ቀውላላ አንድ በሉልን!» እያሉ ሲጮኹባቸው የዋሉ ወይዘሪት ወሰኔ የሚባሉ መምህርት ነበሩ። አቶ ውባየሁ የዚያን ዕለት ሦስት ያለቀላቸው ኳሶች የሳቱት በእርሳቸው ምክንያት ነው። ሙክቱን ሞላሌ ባያመጣ ኖሮ አቶ ውባየሁ ራሳቸው ሙክት ይዘው ይሄዱ ነበር።

በጥር ወር 1985 ዓ.ም. ሞላሌና መሐል ሜዳ ለዋንጫ በመሐል ሜዳ ሜዳ ተገናኙ። ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው አቶ ውባየሁ ብቻቸውን ከበረኛው ጋር ተፋጠጡ። በረኛው አቶ አባይነህ ናቸው። ኳሷም በአቶ አባይነህ ሁለት እግሮች መካከል አልፋ ገባች። ዳኛው ጎል አሉ። አቶ አባይነህ «ኦፍሳይድ!» ብለው ጮኹ፤ የሰማቸው አልነበረም። ያን ጊዜ ከባሕር ዛፉ የጎል ቋሚ አጠገብ ተነሥተው፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ «በመድኃኔ ዓለም ስም ገዝቼሃለሁ! ከእንግዲህ እግርህ ይህን ሜዳ እንዳይረግጥ!» አሉ። አቶ ውባየሁ ጫማቸውን አውልቀው፣ ዋንጫውን ሳይነኩ ወጡ።

የዚያው ዓመት ሚያዝያ ከወይዘሮ ወሰኔ ጋር በቅዱስ ጋብቻ ተወስነው ጽናትንና ምንተስኖትን ወለዱ። በሠርጉ ላይ አቶ አባይነህ አልተገኙም። አቶ ውባየሁ ለሞላሌ አምስት ዓመት ሲጫወቱ መሐል ሜዳ ላይ በተደረገ ጨዋታ ሁሉ ቀሩ። በ1990 ዓ.ም. ጉልበታቸው ተጎድቶ መጫወት አቆሙ።

በዚያው ዓመት የመሐል ሜዳ ቡድን በተከታታይ ሰባት ጨዋታ ተሸንፎ ነበር። ስም ያጠፋው ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ልኮ፣ አሰልጣኝ እንዲሆኑ ለመናቸው። አቶ ውባየሁ ልባቸው ፈለገ፤ ግዝቱ ግን አለ። ሜዳ የሚባለው ከየት ጀምሮ እንደሆነ አቶ አባይነህ በሰው ተጠይቀው «ከአጥሩ በር ጀምሮ ነው» የሚል መልስ ላኩ። መላ የፈጠሩት አቶ ሰላሃዲን ናቸው። እርሳቸው በሃይማኖት ሙስሊም በመሆናቸው በክርስቲያን ግዝት ላይ አስተያየት መስጠት እንደማይገባቸው አስቀድመው ይቅርታ ጠይቀው፣ «ግን ግዝቱ የእርስዎን እግር እንጂ የበቅሎ እግር አላነሣም» አሉ።

እንግዲህ አሰልጣኝ ውባየሁ ሸጋ በምትባል በቅሎ ተቀምጠው፣ በርኖሳቸውን ደርበው፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አሠለጠኑ። ከደብረ ብርሃን የመጡ ዳኛ የጨዋታውን ሕግ ከዳር እስከ ዳር አገላብጠው፣ አሰልጣኝ በቅሎ ላይ አይቀመጥ የሚል አንቀጽ ስላጡ መጽሐፉን ዘግተው ፊሽካቸውን ነፉ። በእረፍት ሰዓት ተጫዋቾች በሸጋ ዙሪያ ቆመው ሽቅብ እያንጋጠጡ ምክር ይቀበሉ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በ1991 ዓ.ም.፣ አሰልጣኙ ቅጣት ምት እንዴት እንደሚመታ ከኮርቻ ላይ ሆነው ሲያሳዩ የቀኝ ጫማቸው ተወርውሮ ከሜዳው መካከል ዐረፈ። ጫማ እግር ነው ወይስ አይደለም በሚለው ላይ ሦስት ካህናት ተቀመጡ። «እግር የሌለበት ጫማ እግር አይባልም» ተብሎ ተወሰነ። በጉባኤው ላይ ከነበሩት አንዱ፣ የቤተሰቡ የንስሐ አባት አባ መርስዔ ኃዘን፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳል ሲያስቸግራቸው ዋለ።

በ1995 ዓ.ም. ቡድኑ ዓለም ከተማ ላይ ለዋንጫ ደረሰ። እዚያ ግዝት ስለሌለ አሰልጣኙ እንደ ሰው በእግራቸው ቆመው መሩ፤ ተሸነፉም። ተጫዋቾቹ ሲጠየቁ «ድምፃቸው ከላይ ካልመጣ አይገባንም» አሉ። በ1996 ዓ.ም. ለዋንጫው ጨዋታ ሸጋ በአይሱዙ ተጭና ከተጫዋቾቹ ጋር ወደዚያው አንድ ቀን ተኩል ተጓዘች። በመንገድ ላይ ስንቃቸውን ጠራርጋ ስለበላችው ጨዋታው በባዶ ሆድ ተደርጎ መሐል ሜዳ ሁለት ለአንድ አሸነፈ።

ዋንጫው መሐል ሜዳ ሲገባ ሕዝቡ «ይውረዱና ሜዳውን ይዙሩልን!» ብሎ ጮኸ። አሰልጣኙ ወደ አቶ አባይነህ ተመለከቱ። አቶ አባይነህ በየጨዋታው ከጎሉ ጀርባ፣ ፊታቸውን ከበቅሎዋ አዙረው የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። የዚያን ዕለትም ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። አሰልጣኙ አልወረዱም። ሆኖም በየቅዳሜው ማለዳ በአሰልጣኙ ደጅ፣ ላኪው የማይታወቅ አንድ ቁና ገብስ ለሸጋ ተቀምጦ ይገኝ ነበር። ቁናው የማን ቤት እንደሆነ ወይዘሮ ወሰኔም፣ ይህን የምትጽፈው የአቶ አባይነህ ልጅ ትሕትናም ያውቁ ነበር።

በ2004 ዓ.ም. ሸጋ በእርጅና ስትሞት አሰልጣኙም በዚያው ሳምንት ሥራቸውን አቆሙ። በ2008 ዓ.ም. የጉበት ሕመም ጀመራቸው። በደብረ ብርሃንና በአዲስ አበባ ሲታከሙ ቆይተው፣ ሐኪሞች ቁርጡን ሲነግሯቸው ወደ መሐል ሜዳ ተመለሱ።

ከማረፋቸው ከሦስት ቀን በፊት፣ አቶ አባይነህ ከሃያ አራት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ወንድማቸው ቤት ገቡ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው፣ «ውቤ፣ ያ ግዝት የለም። በዚያው ዓመት ሁዳዴ ሳይወጣ አባ መርስዔ ኃዘን ዘንድ ሄጄ አስፈትቼዋለሁ። መቶ ስግደት ሰጥተውኝ ጨርሻለሁ። ለአንተ መናገር ግን ሞት መሰለኝ» አሉ። ለካስ አሥራ አራቱ ዓመት በበቅሎ ላይ የተኖረው በሌለ ግዝት ነው!

አቶ ውባየሁ ግን ፈገግ አሉ። «አውቃለሁ፣ ጋሼ። አባ ወደ ገዳም ሲሄዱ፣ በ1992 ነግረውኛል።»

«ታዲያ ለምን አልወረድህም?»

«አንተ ውረድ እስክትለኝ ነዋ» አሉ።

አቶ አባይነህ የዚያን ዕለት ያለቀሱትን ልቅሶ ቤተሰቡ አይረሳውም። በማግስቱ ወንድማቸውን በጀርባቸው አዝለው፣ የአጥሩን በር አልፈው፣ ከዚያው ጎል ፊት አወረዷቸው። አቶ ውባየሁ ጫማቸውን አስወልቀው በባዶ እግራቸው ሣሩ ላይ ቆሙ። «ይቀዘቅዛል» አሉ። ቀጥለውም ቋሚውን እያዩ «ጎል ነበረች አይደል?» ብለው ጠየቁ። አቶ አባይነህ ዕንባቸውን እየጠረጉ «ኦፍሳይድ ናት» አሉ። ሁለቱም ሳቁ።

አሰልጣኝ ውባየሁ ገብረየሱስ በተወለዱ በ52 ዓመታቸው የካቲት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ። ሥርዓተ ቀብራቸውም ዛሬ ወዳጅ ዘመዶቻቸው፣ የመሐል ሜዳና የሞላሌ ተጫዋቾች በተገኙበት ይፈጸማል። ባለቤታቸውን ወይዘሮ ወሰኔን፣ ልጆቻቸውን ጽናትንና ምንተስኖትን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ወንድማቸውን አቶ አባይነህንና ወዳጃቸውን አቶ ሰላሃዲንን ትተውልን ሄደዋል።

ይህ ጽሑፍ ትናንት ተጽፎ ካለቀ በኋላ አቶ አባይነህ ልጃቸውን ጠርተው፣ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጮክ ተብሎ እንዲነበብ አንድ ቃል አስጨምረዋል። ቃሉም ይህ ነው፦ ጎል ነበረች።

ቸሩ መድኃኔ ዓለም የአሰልጣኝ ውባየሁን ነፍስ በለምለሙ መስክ ያሳርፍልን፤ እዚያም ማንም ሳይከለክላቸው በሁለት እግራቸው ይመላለሱ። ለቀሪዎቹም መጽናናትን፣ ለታላቅ ወንድማቸውም ዕድሜን ያድልልን። አሜን።